ሁለት ዓርብ የቀረች እህት

ናጃትን ባለፈው ሳምንት በተቆለፈ በር ጀርባ ነበር የተውናት። ዛሬም እዚያው ናት። እናንተ ከዚያ ወዲህ ገበያ ወጥታችኋል፣ ታክሲ ተሳፍራችኋል፣ ከጎረቤት ተጣልታችሁ ታርቃችኋል፤ እሷ ግን ከወጥ ቤት ወደ ጣሪያ፣ ከጣሪያ ወደ ወጥ ቤት ነች። በዐረብ አገር ያለው የሱለይማኒያ ቪላ ሰፊ ነው ይላሉ። ስፋቱን በደንብ የሚያውቀው ወለሉን የሚወለውለው ሰው ነው።

በዚህ ቤት ሹፌር ወደ ውስጥ አይገባም፤ የቤት ሠራተኛ ወደ ውጭ አትወጣም። በሁለቱ መሃል የነበረው ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ኢንተርኮም ብቻ ነው። ማዳም «መኪናውን ያውጣ» ትላለች፤ ናጃት ቁልፉን ተጭና «ረድዋን፣ መኪናውን አውጣ» ትላለች፤ ከበሩ ጥግ ካለችው ጠባብ ክፍል «እሺ» የሚል ድምፅ ይመጣል። ሁለት ዓመት ሙሉ የተባባሉት ይህንኑ ነበር። ሰው ሲወድ ግን «መኪናውን አውጣ» የምትለዋን ቃል ሃያ ዓይነት አድርጎ ይላታል። «እሺ»ም እንደዚያው። ኩርፊያ ያለበት እሺ አለ፣ ጾም የዋለ እሺ አለ፣ ሌሊቱን ሲያስብሽ ያደረ እሺ አለ። ናጃት ሁሉንም ለይታ ታውቃቸዋለች።

ዓርብ ዓርብ ደግሞ፣ ስንት ተከራክራ ባገኘቻት የአራት ሰዓት ዕረፍት፣ ረድዋን ባዲዓ ወደሚባለው ሰፈር ያደርሳታል። እሷ ከኋላ፣ እሱ ከፊት። በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ይገጣጠሙና ሁለቱም እንደ ሌባ ይደነግጣሉ። መንገዱ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው፤ ረድዋን አርባ ያደርገዋል። እሷም «ምነው ዘገየህ» ብላ አታውቅም።

ባዲዓ ከአንድ ልብስ ሰፊ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ «የርቀት ትምህርት ኮሌጅ ማዕከል» ነኝ የሚል ሁለት ክፍል ቤት አለ። ተማሪዎቹ በሳምንት አንድ ቀን ከየተቆለፈባቸው የሚለቀቁ ሴቶች ናቸው። እነሱው ያቋቋሙት የአገልግሎት ክበብ አለ፤ ሆስፒታል የተኛችን ይጠይቃሉ፣ ፊደል ላልቆጠረች ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ወደ አገር ለምትሸኝ ልብስ ያሰባስባሉ። ናጃት መጀመሪያ የሄደች ቀን አፍንጫዋን ነፍታ፣ «እኔ ለእንግሊዝኛ ነው የመጣሁት፤ እህት ፍለጋ አይደለም» ብላ ነበር። የክበቡ ሊቀመንበር የሺሐረግ፣ ሆስፒታል በማጽዳት ጉልበቷን የጨረሰች የጎጃም ሴት፣ ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ «ተይው የኔ እመቤት፤ እንግሊዝኛውን እናስተምርሻለን፣ እህቶቹ በምርቃት ናቸው» አለቻት።

ክበቡ አንድ ጥብቅ ሕግ አለው። ሴት ስትያዝ ወይም ሲዘጋባት መጀመሪያ የሚወሰድባት ስልኳ ነው። ስለዚህ እያንዳንዷ የአንዲት እህቷን ያገር ቤት ቁጥር በቃሏ ትይዛለች፤ ወረቀት ላይ አይጻፍም፣ ስልክ ውስጥ አይመዘገብም። ያቺ እህት ሁለት ዓርብ ከቀረች ለቤተሰቧ ይደወላል። የናጃትን አባት ቁጥር የያዘችው ሊድያ ነበረች፤ ውበት ሳሎን የምትሠራ፣ ጥፍሯ ሁልጊዜ የተቀባ፣ ልቧ ከአፏ የሚቀድም የአዲስ አበባ ልጅ።

ታዲያ ምን ሆነ? አንድ ማክሰኞ ናጃት እንደ ልማዷ «ረድዋን፣ መኪናውን አውጣ» ስትል እሱ፣ «መኪናው ወጥቷል፤ አንቺስ መቼ ነው የምትወጪው?» አላት። ሳቀች። ያውም እንዴት ያለ ሳቅ! ዞር ስትል ማዳም ከኋላዋ ቆማለች።

በማግስቱ ስልኳ ተወሰደ። ኢንተርኮሙ ተነቅሎ ማዳም መኝታ ክፍል ገባ። ዓርብም ቀረ። ያም ሳያንስ የቤቱ ልጅ ጀውሀራ ቁርሷን እየበላች፣ «ሹፌሩ ለመውጣት ጠየቀ፤ ለዘለዓለም አገሩ ሊገባ ነው» ስትል ሰማች። ናጃት ሳህኑን አጠበች፤ ታጥቦም አልለቀቀችውም፣ እንደገና አጠበችው። አንድ ቀን ቢጮኹበት ሻንጣውን የሚያነሳ ወንድ! ጣሪያ ላይ ልብስ ስታሰጣ ከታች ግቢ መኪና የሚያጥበው ረድዋን ቀና ብሎ ባየ ቁጥር ጀርባዋን ሰጠችው። ሦስት ቀን ጀርባዋን። ልቧ ግን ልብሱን ሳይሆን እሱን ገመዱ ላይ ሰቅሎ ሲያየው ይውላል።

*

ይህ ሦስተኛው ዓርብ ነው። ረድዋን ዛሬ መግሪብ ላይ ወደ አየር ማረፊያ ይሄዳል፤ አዲሱ ሹፌር ከትናንት ጀምሮ ገብቷል። በዚሁ ቀን ቪላው በሴት ልጆች ተሞልቷል። ጀውሀራ ኮሌጅ ጨርሳለች፤ የኮሌጇ የሴቶች አገልግሎት ክበብ አባላት አርባ ሆነው አንድ ዓይነት አረንጓዴ ሪባን ከትከሻቸው አጋድመው ሳሎኑን ሞልተውታል። የዓመቱ ሥራቸው ለቤት ሠራተኞች ስጦታ ማከፋፈል ነው አሉ። ቅርጫቶቹ በሴሎፎን ተጠቅልለው መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። ናጃት ከጠዋት ጀምሮ ስትወለውላቸው ከነበሩት ቅርጫቶች አንዱ የራሷ መሆኑን ያወቀችው ስሟን ለማስታወስ ሲታገሉ ስትሰማ ነው፤ «ነጃህ ነው ነጃት?» ተባባሉ።

ለእንዲህ ዓይነት ግብዣ ቀህዋ፣ የዐረብ ቡና፣ የሚቀዱ ሴቶች ለዕለቱ ይቀጠራሉ። የዐስር ሰላት እንደተሰገደ አራቱ ቀጂዎች በወጥ ቤቱ በር ገቡ፤ ወርቃማ ጥልፍ ያለው ጥቁር ቀሚስ ለብሰዋል፣ ዓይናቸው መሬት መሬት የሚያይ። ማዳም ደፉ ላይ ቆማ ቅርጫት ዘረጋች። የሴት ግብዣ ላይ ካሜራ ያለው ስልክ አይገባም። ሦስቱ ስልካቸውን ጣሉ። አራተኛዋ ትልቋ ሴትዮ ከጡቷ ሥር ቁልፉ የተፋቀ አሮጌ ስልክ አውጥታ አሳየች። ማዳም ገልብጣ አየችው፤ ካሜራ የለውም። «ኸላስ» ብላ መለሰችላትና ወደ ሳሎን ሄደች።

ናጃት ከምድጃው ዞር አለች። ድስቱ ሊወድቅባት ነበር።

የሺሐረግ ናት። አጠገቧ ሊድያ፤ የጥፍሯን ቀለም ለግብዣው ብላ አጥባዋለች።

«አትጩኺ» አለች የሺሐረግ፣ ደላውን፣ የቀህዋ ማፍሰሻውን፣ ከመደርደሪያ እያወረደች፣ እንደማያውቃት ሰው። «ቀስ ብለሽ ሂሉን፣ የቀህዋውን ቅመም፣ አምጪ። ያላ፣ እጅሽ ይሥራ፣ አፍሽ ይዘጋ። ለመጀመሪያ ጊዜ።»

«እንዴት ነው የገባችሁት?»

«በመኪና» አለች ሊድያ። «ሹፌሩ እኮ ቀጂ ፈልግ ተብሎ ነው። ባለፈው ረቡዕ ባዲዓ መጥቶ ሦስተኛ ፎቅ በር ላይ ቆመ። ‹አራት ሴት እፈልጋለሁ፣ ግን ናጃትን የምታውቁ› አለ። እህቴ፣ እኔ የሚከፈለኝ መስሎኝ ነበር የመጣሁት፤ ለካ ለፍቅር ነው።»

ናጃት ሳትወድ ፈገግ አለችና ወዲያው ፊቷን አጠቆረችው። «የሱን ስም አታንሺብኝ። አገሩ ናፍቆት ጥሎኝ የሚሄድ ሰው ነው።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ሊድያ ከእጅጌዋ ውስጥ እንደ ሚስማር የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች። ናጃት ማቀዝቀዣውን ከፍታ፣ ጭንቅላቷን በብርዱ ውስጥ ደብቃ አነበበችው።

«ናጃት። ጀርባሽን አየሁት። ሦስት ቀን አየሁት። ስለ ጀርባሽ ቅሬታ የለኝም፣ ግን ይዤ ልሄድ የፈለግሁት ፊትሽን ነበር። እኔ አገሬ ናፍቆኝ አይደለም የምሄደው። የዚያ ሳቅ ዕለት ከፊሉ፣ የቤቱ ጌታ፣ ጠርቶ ‹ከሁለታችሁ አንዱ ይሄዳል፤ እሷ ከሆነች ጸባይዋ ተበላሽቷል ተብላ፣ ዳግም እንዳትገባ አሻራ ሰጥታ ነው› አለኝ። እኔ እሄዳለሁ አልኩት። ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ፤ ወረቀት ላይ አትጻፍ ግን አላለኝም።

አገርሽ ሐርቡ ገብቼ አባትሽ ደጅ ሽማግሌ ይዤ ልቆም ነበር ያሰብኩት። አሁን ግን እዚያ ደጅ ስሜ ተበላሽቷል። የሆነውን ሊድያ ትንገርሽ። አንቺ በአፍሽ ካልተናገርሽ ያንን ደጅ የምረግጠው ልጅ የሰረቀ ሰው ሆኜ ነው። እሺ በይኝ አላልኩም፤ ያንን አልለምንሽም፣ ክብርሽን አውቃለሁ። ለአባትሽ ተናገሪ ነው ያልኩት። መግሪብ ላይ እሄዳለሁ። ረድዋን።»

የማቀዝቀዣው መብራት ፊቷን ሰማያዊ አድርጎታል። ጀርባዋን ሰጥታው የነበረችበት ሦስት ቀን አንድ በአንድ ተመልሰው መጥተው ደረቷ ላይ ተቀመጡ።

*

«ምንድን ነው የሆነው?» አለች። ድምፅዋ ተሰብሯል፤ ስለተሰበረም ተቆጣች። «ንገሪኝ እንጂ አንቺ!»

ሊድያ ፍንጃሎቹን ትቆጥራለች፣ ቆጥራ ትረሳለች፣ እንደገና ትቆጥራለች። «ሁለት ዓርብ ቀረሽ። ሕጉ ያው ነው። ደወልኩ። ‹ናጃት ከእጃችን ጠፍታለች› አልኳቸው ለአባትሽ። ‹ያለችበትን የሚያውቅ የለም ወይ› ሲሉኝ፣ ‹የሚያመላልሳት ሹፌር ነበር፤ የሱም ስልክ ተዘግቷል› አልኩ።»

«አላህ!»

«እኔ ምን አውቃለሁ መስመሩን ከፊሉ እንደዘጋበት! ከኋላ አንዲት ሴት ‹ከሹፌር ጋር ኮበለለች!› ብላ ጮኸች።»

«አክስቴ ናት» አለች ናጃት፣ ዓይኗን ጨፍና። «እሷ ከጮኸች ኮምቦልቻ ድረስ ሰምቷል ማለት ነው።»

«ረቡዕ እውነቱን ሳውቅ መልሼ ደወልኩ፣ ሹፌሩ ሽማግሌ ይዞ እንደሚመጣም ነገርኳቸው። ‹ከሷ አፍ ካልሰማሁ አልቀበልም› ብለው ዘጉብኝ። ይቅር በይኝ። ወይ አትበይኝ፣ ግን ምቺኝና ይውጣልሽ።»

ናጃት እጇን አነሳች። የሊድያን የታጠቡ ጥፍሮች አየች። እጇን አወረደችው። «ሕጉን ጠብቀሽ አዋረድሽኝ» አለች። «ሕጉን ባትጠብቂ ኖሮ ደግሞ አልጠየቅሽኝም ብዬ አኮርፍሽ ነበር። እኔም አስቸጋሪ ነኝ።»

«እሱንማ እናውቃለን» አለች የሺሐረግ። አሮጌውን ስልክ ሊድያ መዳፍ ላይ አኖረችው። «በቃልሽ የያዝሽውን አምጪ።»

መጋዘኗ የሩዝ ከረጢትና የዱቄት ጆንያ የተደረደረባት መስኮት አልባ ክፍል ናት። ሦስቱ ገቡ። ሌሎቹ ሁለት ቀጂዎች ሳሎኑን ይዘዋል፤ በግራ እጅ ደላ፣ በቀኝ ፍንጃል፣ እንግዳዋ ፍንጃሏን እስክትነቀንቅ ድረስ መቅዳት። ሊድያ ቁጥሩን ጨለማ ውስጥ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ደወለች።

ጠራ። ጠራ። ከዚያ የወፍጮ ድምፅ ተሰማ፤ የአባቷ ወፍጮ።

«ሄሎ።»

«አባ። እኔ ነኝ።»

ወፍጮው ቆመ። ሰውየው አጥፍቶት መሆን አለበት።

«የማን ልጅ ነሽ?» አለ አባቷ።

ይህን ጥያቄ እናንተ ተጠይቃችሁት ታውቃላችሁ? ያውም በገዛ አባት?

«የጀላል ልጅ» አለች።

«የጀላል ልጅ ከሹፌር ጋር ሄደች ተብሏል። እናትሽ እህል አልቀመሰችም።»

«አልሄድኩም አባ። ስልኬን ወስደው ቆልፈውብኝ ነው። ከሰውየው ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ቆሜ አላውቅም። ወላሂ ቁመቱን እንኳ በደንብ አላውቀውም፤ የማየው ተቀምጦ ሲነዳ ነው።»

የሺሐረግ በጨለማው ውስጥ ሳቋን ለመዋጥ አፏን በሻሽዋ ያዘች።

«ታዲያ አሁን የት ነሽ?»

«የሩዝ መጋዘን ውስጥ።»

«ማን አለ አጠገብሽ?»

«እሱ የለም አልኩ እኮ አባ!»

«እሱን መች ጠየቅሁ!» ሽማግሌው ጮኸ፤ ጩኸቱም መሃል ላይ ከዳው። «ሰው አለሽ ወይ ነው የምልሽ። በዚያ አገር፣ ቢያምሽ፣ ብትወድቂ፣ ናጃት የት ገባች የሚል ሰው አለሽ ወይ? እኔ ሌሊት የማልተኛው ለሹፌር ብዬ ይመስልሻል?»

ናጃት አፏን ከፈተች። የሺሐረግ ስልኩን ከእጇ ወሰደችው።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የሺሐረግ እባላለሁ።»

«ምኗ ነሽ?»

«እህቷ ነኝ።»

«እኔ የሺሐረግ የምትባል ልጅ አልወለድኩም።»

«እርስዎ አልወለዱኝም። እኛን የወለደን ባዲዓ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። አስቸጋሪ ልጅ ነው ያሳደጉት ጋሼ፣ ግን ሸጋ ልጅ ነው። ስትታመም የማድርላት እኔ ነኝ፤ እኔ ጉልበቴን ባመመኝ ጊዜ ቅባት ይዛ የመጣችው እሷ ናት።»

ሊድያ አላስቻላትም፤ አፏን ወደ ስልኩ አስጠጋች። «እኔም አለሁ አባባ። ያቺ የደወልኩት ጥፋተኛ።»

«አንቺ ነሽ ቤቴን ያስለቀስሽው?»

«አዎ።» እያለቀሰች ነው። «ሁለት ዓርብ ስትቀር ጊዜ… ፈርቼ ነው።»

«ሁለት ዓርብ» አለ። «ሁለት ዓርብ ብትጎድል የምትፈራላት ሰው አለቻት ማለት ነው። እኔ ደግሞ ብቻዋን ጣልኳት ብዬ፣ አምስት ዓመት…» አልጨረሰውም። «ስጫት። ለናጃት ስጫት።»

ናጃት ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ሰውየው መቼ ነው የሚመጣው?»

«ዛሬ ይሳፈራል። ሽማግሌ ይዞ ደጅህ ሊቆም ነው። እኔ እንድባረር ቢፈልግ ኖሮ ቁጭ ይል ነበር፤ በኔ ፋንታ ነው የሚሄደው።»

«የሱን ታሪክ ከሱ እሰማዋለሁ። አንቺን ነው የምጠይቅሽ። ይምጣ ወይስ አይምጣ?»

በዚህች ቅጽበት የመጋዘኑ በር ተከፈተ። ብርሃን ፊታቸው ላይ ፈሰሰ። ጀውሀራ ናት፤ አረንጓዴ ሪባኗን አጋድማ፣ ለናጃት የተዘጋጀውን ቅርጫት ታቅፋ። ሦስት ሴቶች፣ አንድ ስልክ። የጀውሀራ አፍ ተከፈተ። ከኋላዋ፣ ከሳሎን፣ የማዳም ድምፅ «ናጃት የት አለች?» ይላል።

ስልኩን መደበቅ ትችላለች። ወደ ዱቄቱ ጆንያ መወርወር ትችላለች። ከደበቀችው አባቷ መልስ ሳይሰማ ይቀራል፤ ረድዋንም ሌባ ሆኖ ይገባል። ከተናገረች ምናልባት ነገ በአሻራ ትሸኛለች። ናጃት የጀውሀራን ዓይን ትኩር ብላ እያየች፣ እንደ ወፍጮ ቤት ሰው ጮክ ብላ በአማርኛ ተናገረች፤

«ይምጣ አባ! ይምጣ፣ እኔ ነኝ ያልኩት!»

ጀውሀራ ቃሉ አልገባትም። ፊቱ ግን ገብቷት መሆን አለበት። ቅርጫቱን ይዛ አንዴ ናጃትን፣ አንዴ እርስ በርስ የተያያዙትን ሁለቱን ቀጂዎች አየች። ሳሎን ያሉት አርባ ጓደኞቿ ትዝ ብለዋት ይሁን ሌላ፣ እኔ ልቧ ውስጥ አልገባሁም። «ሁለት ደቂቃ» አለች በዐረብኛ፣ ቀስ ብላ። በሩን መልሳ ዘጋችው። «ልብስ እየቀየረች ነው እማማ» ስትል ተሰማ። ከስልኩም «እንግዲያው ይምጣ» የሚል የአባቷ ድምፅ መጣ።

*

ሁለት ደቂቃ ሁለት ደቂቃ ነው። ናጃት ሳሎኑ መሃል ቆማ ቅርጫቱን ተቀበለች። ሻምፑ፣ ካልሲ፣ የእጅ ቅባት፣ ለስላሳ ፎጣና «ስለምታደርጊልን ሁሉ እናመሰግናለን» የሚል ካርድ። በፎቶ ፊት አይነሳም፤ እጅ ብቻ ይነሳል። የአርባ ልጃገረዶች ክበብ፣ ማዳም ለዚሁ ብቻ በፈቀደችው አንድ ካሜራ፣ እጆቿን ከሴሎፎኑ ጋር ፎቶ አነሳ። ያንን ፎቶ ያየ ሁሉ ጣቶቿ ሴሎፎኑን አጥብቀው የያዙት ለቅርጫቱ ብለው ነው ይል ይሆናል። ግድግዳው ሥር የቆሙት አራቱ ቀጂዎች ግን ደላቸውን እንደያዙ ዓይናቸው ይስቅ ነበር። ለናጃት የታጨችበት ቀን እልልታው ያ ነበር፤ ድምፅ የሌለው፣ በዓይን ብቻ።

ሰዓቱ ሄደ። ለረድዋን ቃሉ ሊደርስለት ይገባል፤ ናጃት ከደፉ አንድ እርምጃ መውጣት አትችልም። ለዕለቱ የተቀጠረች ሴት ግን ቆሻሻ ይዛ እስከ ውጭው በር ትወጣለች። ሊድያ ሁለት ከረጢት አነሳች።

«ምን ልበለው?»

ናጃት ሺህ ነገር አሰበች። የአሥራ ሰባት ቀን ነገር፣ የሁለት ዓመት ነገር። «አባቴ ይምጣ ብሏል በይው» አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «እኔም ብያለሁ በይው። ስለ ጀርባዬም ይቅርታ በይው። አይ፣ ስለ ጀርባዬ ተይው፤ እሱን ራሴ እነግረዋለሁ።»

ሊድያ ወጣች። ናጃት ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆመች። ከዚህ በር እስከ ውጭው በር ሃያ ሁለት እርምጃ ነው። ሌላ ሴት እየሄደችለት ነው። የሷን እሺ በሌላ ሴት አፍ ሊሰማ ነው፤ ሲሰማ ፊቱ የሚሆነውን የምታየው ሌላ ሴት ናት። እህቷ ናት፣ ነፍሷን ትሰጣታለች፣ ግን በዚያች ደቂቃ ፀጉሯን ብትነጨው በወደደች።

የመግሪብ አዛን ተሰማ። መኪና ተነሳ። የመኪናው ድምፅ አጥሩን ዞሮ፣ ቀጥሎ ካለው ጎዳና ጋር ተቀላቅሎ፣ ጠፋ።

ሊድያ ባዶ እጇን ተመለሰች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ምን አለ?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም?»

«ነገርኩት። ሻንጣው ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ተነሳና መኪናው ውስጥ ገባ። ከዚያ ደግሞ ወረደና እንደገና ቁጭ አለ። አዲሱ ሹፌር ሰውየው ታሟል እንዴ ብሎ ጠየቀኝ።»

«ፊቱስ?»

ሊድያ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «ረዥም ነው» አለች በመጨረሻ። «ቁመቱን ነው የምነግርሽ። ቆሞ ሲታይ ረዥም ነው።»

ናጃት ሳቀች፣ ሳቁም መሃል መንገድ ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። የሺሐረግ የመጋዘኑ ዱቄት እንደነካት አቀፈቻት። «አይዞሽ የኔ እመቤት። ዓርብ ካልወጣሽ እኛ እንመጣለን። እነዚህ ሰዎች ግብዣ ይወዳሉ።» ስልኳን፣ ሻሽዋን፣ ደላዋን ሰብስባ ወጣች፤ ሌሎቹም ከቅርጫቱ ስልካቸውን እያነሱ ተከተሏት።

ማዳም በሩን ቆለፈችው። ቁልፉ እንደ ወትሮው ሁለት ጊዜ ዞረ። ናጃት ይህን ድምፅ አምስት ዓመት ሰምታዋለች፤ ለምዳው ሰምታም እንዳልሰማች ሆና ኖራለች። ኮንትራቷ ሊያልቅ ገና አሥራ አራት ወር ይቀራል። ዛሬ ግን የቁልፉ ድምፅ ጎድኗ ውስጥ ገባ። ከበሩ ውጭ የሚጠብቋት ሰዎች ሲኖሩ ቁልፍ እንዲህ እንደሚያም ማን ነግሯት! የአርባ ሰው ፍንጃል ፊቷ ተከምሯል። እጇን ውሃው ውስጥ ነከረች፤ እያመማት፣ ሕመሙን ለማንም የማትሰጠው ሆና፣ ማጠብ ጀመረች።